በጣና ሐይቅ ላይ ስለሚደረገው የጀልባ ጉዞና ስለ ደሴቶቹ

መግቢያ

አገራችን ዛሬ የባሕር በር የሌላት ብትሆንም በባሕር ስም የምትጠራ ታላቅ ከተማ አለቻት፤ እርስዋም ባሕር ዳር ናት። የአካባቢው ሰው ጣናን «ባሕር» የሚለው ለማጋነን አይደለም። በከተማይቱ ዳርቻ ቆሞ ወደ ሰሜን የሚመለከት ሰው የሐይቁን ማዶ ሊያይ አይችልም፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣም ማዕበሉ የዳሩን ድንጋይ ሲመታ ይሰማል። ከዚህ ዳርቻ በየማለዳው የሞተር ጀልባዎች መንገደኛና ጎብኚ ይዘው ወደ ደሴቶቹ ይነሣሉ፤ ከጎናቸውም ከደንገል የተሠሩ ታንኳዎች እንጨትና ዓሣ ጭነው ይመጣሉ።

ይህ አነስተኛ ጽሑፍ የተዘጋጀው ይህን የጀልባ ጉዞ ለአንባብያን ለመግለጽ ነው። ጉዞውን እንደ መዝናኛ ብቻ የሚቈጥረው ሰው ብዙ ነው። እኔም ከሦስት የትምህርት ጓደኞቼ ጋር በጥር ወር በፈተና ዕረፍት ወደዚያ ስሄድ ሐሳቤ ከዚህ የራቀ አልነበረም። በተመለስሁ ጊዜ ግን አንድ ነገር ተረድቼ ነበር። ይኸውም የጣና ውሃ ለደሴቶቹ በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ የሚሠራ መሆኑ ነው፤ አጥርም ነው፤ መንገድም ነው። ገዳማቱንና የብራና መጻሕፍታቸውን ለብዙ መቶ ዓመታት የጠበቀ አጥር እርሱ ነው፤ ዛሬ እንግዳን ወደ እነርሱ የሚያደርስ መንገድም እርሱ ነው። ስለዚህ ውሃው የጎደለ ወይም የተበላሸ እንደሆነ አጥሩም መንገዱም አብረው ይጠፋሉ። ከዚህ ቀጥሎ የሚነበበው ይህን ሐሳብ ለማስረዳት የተጻፈ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» የተባለው የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ሲሆን፤ የአውሮፓው አቆጣጠር «እ.ኤ.አ.» ተብሎ ተለይቶ ተመልክቷል።

፩፤ ስለ ሐይቁ ጠባይ

ጣና ከኢትዮጵያ ሐይቆች ሁሉ በስፋት የመጀመሪያው ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከፍታው ወደ 1,800 ሜትር ይጠጋል። ርዝመቱ 84 ኪሎ ሜትር፤ ወርዱ 66 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፤ የውሃው ስፋት እንደ ወቅቱ ከ3,000 እስከ 3,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሐይቁ የተገኘው ከብዙ ዘመን በፊት ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ቅልጥ አለት የወንዙን መውጫ በመዝጋቱ እንደሆነ የምድር ጥናት ሊቃውንት ያስረዳሉ። ግልገል ዓባይ፤ ጉማራ፤ ርብና መገጭ ዋና ዋናዎቹ ገባር ወንዞች ናቸው፤ የሚወጣው ግን አንድ ዓባይ ብቻ ነው፤ መውጫውም በባሕር ዳር አጠገብ ነው።

አንባቢ በተለይ እንዲያስተውለው የምፈልገው የሐይቁን ጥልቀት ነው። ጣና እንደዚህ ሰፊ ሲሆን ጥልቅ ከሚባለው ስፍራ እንኳ ከ15 ሜትር ብዙም አያልፍም፤ መካከለኛው ጥልቀቱ 9 ሜትር አይሞላም። ሰፊ ሆኖ ጥልቀት የሌለው እንደ ሰፌድ ያለ ሐይቅ ነው ማለት ነው። ከዚህም ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፤ ነፋስ ሲነሣበት ማዕበሉ አጭርና ተደጋጋሚ ይሆናል፤ እንዲህ ያለው ማዕበል ደግሞ ለትንሽ ጀልባ አስቸጋሪ ነው። ሁለተኛ፤ ውሃው በቁመት አንድ ሜትር ብቻ ሲወርድ ዳርቻው ዘቅዘቅ ባላለበት ቦታ ሁሉ እጅግ ርቆ ይሸሻል። በአንድ ዓመት ውስጥ እንኳ ክረምቱ ሲያልቅ በመስከረም ከፍ ይልና በግንቦትና በሰኔ ዝቅ ይላል፤ ልዩነቱም አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው።

ደሴቶቹን ቈጥረናል የሚሉ ሰዎች በቍጥሩ ሳይስማሙ የቀሩበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአገራችን የነበረው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ማኖኤል ደ አልሜዳ 21 ደሴቶች እንዳሉ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ18ኛው መቶ ዓመት ጀምስ ብሩስ በመጣ ጊዜ የአገሩ ሰዎች ሰው የሚኖርባቸው 45 ናቸው ቢሉትም፤ እርሱ 11 ያህል ቢሆኑ ነው ሲል ገምቷል። ዛሬ የተለመደው ቍጥር 37 ነው፤ ከእነዚህም በ19ኙ ገዳም ያለባቸው ወይም የነበረባቸው ናቸው ይባላል። ውሃው ከፍ ሲል የተሸፈነው ድንጋይ ውሃው ሲጎድል ደሴት ይሆናል፤ ደሴት የነበረውም ከየብስ ጋር ይገናኛል። በጣና ደሴት የሚሠራውም የሚያፈርሰውም የውሃው ልክ ነው።

፪፤ ስለ ታንኳና ስለ ሞተር ጀልባ

በሐይቁ ላይ ጥንታዊው መጓጓዣ ታንኳ ነው። የሚሠራውም በዳርቻው ከሚበቅለው ከደንገል ነው። ደንገሉ ታጭዶ በፀሐይ ይደርቅና በነዶ በነዶ እየታሰረ ይያያዛል፤ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀናል፤ ተሳፋሪው ወይም ጭነቱ ከውሃ ከፍ እንዲል በውስጡ ሌላ የደንገል ነዶ ይነጠፍበታል። ቀዛፊው ረጅም ዘንግ ይዞ አንድ ጊዜ በቀኝ አንድ ጊዜ በግራ እያለ ይቀዝፋል። ታንኳ እንደ እንጨት ጀልባ በቀዳዳ ውሃ ገብቶበት አይሰጥምም፤ ነገር ግን ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል። ስለዚህ ከጉዞ በኋላ ከውሃው ወጥቶ በዳሩ ላይ መድረቅ አለበት፤ እንዲህም ሆኖ ዕድሜው በወራት የሚቈጠር ነው። በዚህ ሙያ ከሁሉ ይልቅ የሚታወቁት በሐይቁ ዳር የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። ሙያቸው ይህን ያህል ጠቃሚ ሆኖ ሳለ ለብዙ ዘመን በጎረቤቶቻቸው ዘንድ ተገቢውን ክብር ሳያገኙ መኖራቸው የሚያሳዝን ነው።

የጣና ደንገል በዓለም ታሪክም ስም አለው። ቶር ሄየርዳል የተባለው ኖርዌያዊ አሳሽ የጥንት ሰዎች በደንገል መርከብ ውቅያኖስን ሊሻገሩ ይችሉ ነበር ብሎ ለማስረዳት ባሰበ ጊዜ፤ «ራ» ብሎ ለሰየማት መርከብ የሚሆነውን ደንገል ያስመጣው ከጣና ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ከሞሮኮ የተነሣችው የመጀመሪያይቱ ራ ከመድረስዋ በፊት በመንገድ ተበላሸች፤ በሚቀጥለው ዓመት የተነሣችው ሁለተኛይቱ ራ ግን አትላንቲክን ተሻግራ ባርቤዶስ ደረሰች። በባሕር ዳር ዳርቻ እንጨት ጭኖ የሚመጣውን ታንኳ በንቀት የሚያይ ሰው ይህን ቢያስታውስ መልካም ነው።

የሞተር ጀልባ የመጣው በቅርብ ዘመን ነው። ታንኳ ግማሽ ቀን የሚፈጅበትን መንገድ የሞተር ጀልባ በአንድ ሰዓት ይጨርሰዋል። ጎብኚዎች የሚሳፈሩበት ጀልባ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ሰው የሚይዝ ሆኖ ከላይ የጸሐይ መከላከያ ጣሪያ አለው። ዋጋው ከመነሣት በፊት በስምምነት ይቈረጣል፤ የሚሄዱበት ደሴት በራቀ መጠንም ይጨምራል። ስለዚህ ተማሪ የሆነ ሰው ብቻውን ከሚሄድ በማኅበር ቢሄድ ይሻለዋል። ላይፍ ጃኬት በጀልባው መኖሩን መጠየቅም ነውር አይደለም፤ እኛ የጠየቅነው ጀልባ ነጂ እንዲያውም ደስ ብሎት አውጥቶ ሰጥቶናል።

የሰዓቱ ነገር ከሁሉ ይበልጣል። ቀን ፀሐይ ስትበረታ የብሱ ከውሃው ፈጥኖ ይሞቃል፤ በየብሱ ላይ ያለው አየር ሞቆ ወደ ላይ ሲወጣ ከውሃው በኩል ያለው ቀዝቃዛ አየር በስፍራው ሊተካ ይሮጣል። የከሰዓት በኋላው ነፋስ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ጀልባ ነጂያችን ይህን በትምህርት ቤት አልተማረም፤ ነገር ግን ከኛ ይልቅ ያውቀዋል። «ልጆች፤ ጣና ጧት ሎሌ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ግን ጌታ ነው» አለን። እኛ ግን በደሴት ላይ ስንዘገይ ዘጠኝ ሰዓት አለፈብን። በመመለሻችን ማዕበሉ ጀልባይቱን በጎን ይመታት ጀመር፤ ውሃውም እስከ መቀመጫችን ገባ። ነጂው አንድም ቃል ሳይናገር አፍንጫዋን ወደ ዘጌ አዙሮ ከዛፎቹ ጥላ ሥር አስጠጋት። በዚያም ነፋሱ እስኪበርድ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጥን። ጥፋቱ የኛ ነበረ፤ እርሱ ግን አልወቀሰንም።

፫፤ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ስለሚደረገው ጉዞ

ጉዞው እንደ ርቀቱ በሦስት ሊከፈል ይችላል።

የመጀመሪያው የቅርቡ ጉዞ ነው። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት ስፍራ ከከተማይቱ በጥቂት ደቂቃ የሚደረስ ሆኖ፤ ማለዳ የሄደ ሰው ጉማሬ ሊያይ ይችላል። በዚያው አጠገብ ደብረ ማርያም የተባለችው ደሴት አለች፤ ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች ይኖሩባታል፤ ቤተ ክርስቲያንዋም ለወንድም ለሴትም ክፍት ነው። ጊዜና ገንዘብ ያነሰው ሰው ይህችን ቢያይ አይቈጭም።

ሁለተኛው የዘጌና የክብራን ጉዞ ነው፤ ጎብኚ የሚበዛውም በዚህ ነው። ዘጌን ብዙ ሰው ደሴት ይለዋል፤ ነገር ግን በሦስት ወገን በውሃ ተከቦ በአንድ ወገን ከየብስ ጋር የተያያዘ ነው። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ከጀልባ ወርዶ ሽቅብ የሚሄደው መንገድ በቡና ጫካ ውስጥ ነው። በዘጌ ምድር ማረስና ከብት ማርባት በጥንቱ ሥርዓት የተከለከለ ነው፤ ክልከላውንም የአገሩ ሰው ከጻድቁ ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር አያይዞ ይተርከዋል። በዙሪያው ያለው አገር ዛፉ አልቆ ሲታረስ ዘጌ ደን ሆኖ የቀረው በዚህ ሥርዓት ምክንያት ነው። በዚህም ውሳጥ ውራ ኪዳነ ምሕረት፤ አዝዋ ማርያምና ሌሎችም አብያተ ክርስቲያናት ይገኛሉ። የውራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ክብ ነው፤ እንደ ሥርዓቱ ቅኔ ማሕሌት፤ ቅድስትና መቅደስ ተብሎ የተከፈለ ሲሆን፤ የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን በጨርቅ ላይ ተሥሎ በተለጠፈ ሥዕል የተሞላ ነው። ማንበብ ለማያውቅ ምእመን ግድግዳው መጽሐፍ ነበረ ማለት ይቻላል።

ከዘጌ ብዙ ሳይርቁ ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ኢየሱስ የተባሉት ሁለት ትናንሽ ደሴቶች አሉ። ክብራን እ.ኤ.አ. በ14ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን በአባ ዘዮሐንስ የተመሠረተ ነው፤ በብራና መጻሕፍቱም የታወቀ ነው። ኤርንስት ሐመርሽሚት የተባሉት ጀርመናዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1968 የጣናን ገዳማት መጻሕፍት በማይክሮፊልም ባነሡ ጊዜ የክብራን መጻሕፍት ከተነሡት መካከል ናቸው።

ሦስተኛው የሩቁ ጉዞ ነው፤ ሙሉ ቀን ይፈልጋል። በሐይቁ መካከል ያለው ደቅ ከደሴቶቹ ሁሉ ትልቁ ነው፤ ብዙ ገበሬዎች ይኖሩበታል። በምዕራብ ጫፉ እ.ኤ.አ. በ18ኛው መቶ ዓመት እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ ይገኛል፤ እቴጌይቱም ራሳቸው በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ተሥለው ይታያሉ። በደቅ ምሥራቅ ዳጋ እስጢፋኖስ አለ። ዳጋ ከውሃው መካከል እንደ ጉልላት ብድግ ያለ ደሴት ነው። ገዳሙን የመሠረቱት በዐፄ ይኩኖ አምላክ ዘመን የነበሩት አባ ሂሩተ አምላክ እንደሆኑ ይነገራል። የዐፄ ይኩኖ አምላክ፤ የዐፄ ዳዊት፤ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፤ የዐፄ ዘድንግልና የዐፄ ፋሲል አስከሬን በዚሁ እንደሚገኝ ገዳሙ ያስረዳል። ነገሥታት በሕይወታቸው ሳሉ ከተማቸውን ከስፍራ ወደ ስፍራ ሲያዛውሩ ኖረው፤ ማረፊያቸውን በውሃ መካከል ማድረጋቸው የሚያስገርም ነው። በምሥራቁ ወገን ያለው ጣና ቂርቆስ ደግሞ በትውፊት እጅግ የከበረ ነው፤ ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመሄድዋ በፊት 800 ዓመት በዚያ እንደ ተቀመጠች መነኰሳቱ ይተርካሉ። በሰሜኑ ጫፍ ጎርጎራና ደብረ ሲና ማርያም አሉ፤ ይህ ግን ከባሕር ዳር ተነሥቶ በአንድ ቀን ደርሶ የሚመለሱበት መንገድ አይደለም።

፬፤ ስለ ደሴቶቹ ሕግ

ውሃው አጥር ነው ያልሁት በምሳሌ ብቻ አይደለም። በ16ኛው መቶ ዓመት በግራኝ ጦርነት ጊዜ ብዙ ንዋየ ቅድሳት ወደ ደሴቶቹ እንዲሸሽ መደረጉ የታወቀ ነው። አጥሩ ሁልጊዜ አልበረታም፤ ጦሩ የደረሰባቸው ደሴቶችም ነበሩ። ሆኖም በየብስ ብዙ ሲቃጠል በውሃው መካከል ብዙ ተርፏል። አጥሩ ግን ከጦር ብቻ የሚከለክል አልነበረም፤ ከዓለሙ ግርግርም የሚለይ ነበረ። ለዚህም ነው ክብራን፤ ዳጋና ጣና ቂርቆስ ሴቶች እንዳይገቡባቸው በሕግ የተወሰኑት። በእንጦስ፤ በናርጋ፤ በደብረ ማርያምና በዘጌ አብያተ ክርስቲያናት ግን ሴቶች ይገባሉ።

ከአራታችን አንዷ ሴት ነበረች። በክብራን ወደብ ስንደርስ እኛ ሦስታችን ወረድን፤ እርስዋ በድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። አንድ ሽማግሌ መነኵሴ ወደ ዳሩ ወርደው ሰላምታ ሰጡዋት፤ ውሃም አስመጡላት። እርስዋም ተነሥታ መስቀል ከተሳለመች በኋላ፤ «አባታችን፤ እኛስ ክርስቲያኖች አይደለንምን? ከሩቅ አገር መጥቼ ከደጃፍ መመለሴ አያሳዝንዎትም?» አለቻቸው። መነኵሴውም ጥቂት ዝም ብለው፤ «ልጄ፤ በሩ የተዘጋው ስለ አንቺ ክፋት አይደለም፤ ስለ እኛ ድካም ነው» አሉ።

መልሱ መልካም መልስ ነው፤ ጓደኛችን ግን ሙሉ በሙሉ አልተጽናናችም፤ እኔም ሊያጽናናት ይገባ ነበር ብዬ ለመጻፍ አልደፍርም። በደሴቱ ያሉትን የአገሩን ታላላቅ መጻሕፍት የታሪክ ተማሪ የሆነች ልጅ ልታያቸው አትችልም፤ ይህ እውነት ነው። የገዳሙ ሕግ ከኛ መምጣት በፊት የነበረና የሚኖሩበት መሆኑም እውነት ነው። ሁለቱን የሚያስታርቅ መንገድ ካለ፤ ሕጉ ሳይፈርስ መጻሕፍቱ በፎቶግራፍ ተነሥተው ለሁሉም በሚደርሱበት ቤተ መጻሕፍት ቢቀመጡ ነው ብዬ አስባለሁ።

እኛ ከላይ ከቤተ ክርስቲያኑ ስንመለስ ግን ጓደኛችን ሥራ ፈትታ አላገኘናትም። የወደቡን ድንጋዮች እየዞረች ትመለከት ነበር። በድንጋዮቹ ላይ ውሃው በመስከረም የደረሰበት ነጣ ያለ መሥመር ይታይ ነበርና ከጀልባ ነጂው ጋር ስለ እርሱ ትነጋገር ነበረ። ነጂው በእጁ ወደ ታች፤ ከዛሬው ውሃ በታች ወዳለው ድንጋይ እያመለከተ፤ «በ95 ዓ.ም. ግን እዚያ ድረስ ወርዶ ነበር፤ ጀልባ የሚጠጋበት ጠፋ» አላት። እኛ ገብተን ካየነው ይልቅ እርስዋ ውጭ ተቀምጣ የሰማችው ለዚህ ጽሑፍ ዋና ሆነ።

፭፤ ውሃው በጎደለ ጊዜ

ወደ ኮሌጃችን ከተመለስን በኋላ የነጂው ቃል እውነት መሆኑን ከጥናቶች አረጋገጥን። ነገሩ እንዲህ ነው። በ1988 ዓ.ም. ገደማ በዓባይ መውጫ ላይ ጨረጨራ በተባለው ስፍራ የውሃውን ልክ የሚቈጣጠር ግድብ ተሠራ። ዓላማውም በጢስ ዓባይ ለሚገኘው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ዓመቱን ሙሉ ውሃ እንዲደርሰው ነው። የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ማመንጫ በ1956 ዓ.ም.፤ ሁለተኛውና ትልቁ በ1993 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ። ከዚህ በኋላ ዝናብ ያነሰበት ዘመን መጣ፤ ለኤሌክትሪኩም ብዙ ውሃ ይለቀቅ ነበርና ሁለቱ ተደራርበው በሰኔ 1995 ዓ.ም. ሐይቁ ከተመዘገበው ሁሉ ወደ ዝቅተኛው ልክ ወረደ። ትልልቆቹ የጭነትና የመንገደኛ ጀልባዎች ለ4 ወር ያህል መሥራት አቆሙ። ከውሃ የተጋለጠው የሐይቁ ወለል ታረሰ፤ ብዙ የደንገል ስፍራም ጠፋ፤ የዓሣው ምርትም ቀነሰ።

እዚህ ላይ የአንዱ ጉዳት ከሌላው ጋር እንዴት እንደሚያያዝ እንመልከት። ጀልባው ሲቆም በደሴት የሚኖረው ገበሬ እህሉን ወደ ገበያ ማውጣት፤ በሽተኛውንም ወደ ሐኪም ማድረስ ይቸግረዋል። ደንገሉ ሲጠፋ ታንኳ ሠሪው ሥራ ያጣል። ደንገሉ ዓሣ የሚራባበትና ከየብስ የሚመጣውን ደለል የሚያጣራም ስለሆነ፤ እርሱ ሲነቀል አፈሩ በቀጥታ ወደ ሐይቁ ይገባል፤ ሐይቁም ይብሱን ጥልቀት ያጣል። ጣና ከዓሣዎቹ ብዙዎቹ በሌላ ሐይቅ የማይገኙ መሆናቸው ሲታሰብ ደግሞ ጉዳቱ የአካባቢው ብቻ አይደለም።

የጢስ ዓባይ ፏፏቴም የዚሁ ታሪክ ክፍል ነው። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ይህ ፏፏቴ ከ40 ሜትር ገደማ ከፍታ ይወርዳል፤ በክረምትም ወርዱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። ውሃው ወደ ማመንጫው በተቀለበሰ ጊዜ ግን ከዚህ ሁሉ ጥቂት ጅረት ብቻ ይቀር ነበር። በግንቦት 2002 ዓ.ም. ጣና በለስ የተባለው 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ሲመረቅ፤ የሐይቁ ውሃ 12 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ዋሻ ወደ በለስ ወንዝ የሚሄድበት ሁለተኛ መውጫ ተከፈተ። ኤሌክትሪክ ለአገር የሚያስፈልግ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን አንድ ሐይቅ ሁለት መውጫ ሲኖረው መውጫዎቹን የሚያዝዘው ሰው የጀልባ ነጂውንና የታንኳ ሠሪውንም ኑሮ እንደሚያዝዝ ማወቅ አለበት።

ሌላው ጠላት እምቦጭ ነው። ይህ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አበባው የሚያምር አረም በጣና ላይ መታየቱ የታወቀው በ2003 ዓ.ም. ነው። በውሃ ላይ ተንሳፎ በጥቂት ሳምንት ራሱን እጥፍ ያደርጋል፤ እየተያያዘም እንደ ምንጣፍ ይሸፍነዋል። ጀልባ ሲገባበት ሥሩ በሞተሩ ክንፍ ላይ ይጠመጠማል፤ ታንኳም ሊያልፍበት አይችልም። የበረታው በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ነው፤ በዚያ በኩል ከእርሻ ታጥቦ የሚመጣው አፈርና ማዳበሪያ ለአረሙ ምግብ ይሆነዋል። በ2013 ዓ.ም. ብዙ ሺህ ሕዝብ በእጁ ሊነቅለው በዘመቻ ወጥቶ ነበር። ነገር ግን ዘሩ በውሃው ወለል ውስጥ ለብዙ ዓመት ስለሚቈይ አንድ ጊዜ በመንቀል ብቻ የሚያልቅ አይደለም።

በመጨረሻም ጎብኚውን የሚያስቀረው የውሃው ነገር ብቻ አለመሆኑን ሳልገልጽ ማለፍ አልችልም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ጦርነት ምክንያት እንግዳው እጅግ ስለ ቀነሰ ብዙ ጀልባ ታስሮ ውሏል። ሰላም ለዚህ መንገድ ከነዳጅ በፊት የሚያስፈልግ ነገር ነው።

መደምደሚያ

ከላይ እንደ ተገለጸው በጣና ላይ የሚደረገው የጀልባ ጉዞ የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጀልባ ነጂው፤ ታንኳ ሠሪው፤ የዘጌ ቡና ለቃሚና የገዳሙ መነኵሴ ሁሉም በአንድ የውሃ ልክ ላይ ተንጠልጥለዋል። የሞተር ጀልባ መንገዱን አሳጥሯል፤ መንገዱ ባጠረ መጠን ግን አጥሩም ቀጥኗል። ቀድሞ ደሴቲቱን ርቀትዋ ይጠብቃት ነበር፤ ዛሬ ሊጠብቃት የሚችለው የእንግዳው ጨዋነትና የአስተዳዳሪው ጥንቃቄ ነው።

ስለዚህ ከትንሹ ጥናታችን ተነሥተን ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፤ በየደሴቱ ወደብ የውሃው ልክ የሚነበብበት ምልክት ቢተከልና ጀልባ ነጂዎችና መነኰሳት በየሳምንቱ ቢመዘግቡት፤ ወጪው አነስተኛ ሆኖ ጥቅሙ ብዙ ይሆናል። ሁለተኛ፤ ከግድቡና ከዋሻው የሚለቀቀው ውሃ ሲወሰን ሐይቁ ከየትኛው ልክ በታች እንዳይወርድ አስቀድሞ ቢደነገግና የጀልባ ማኅበራቱም ቢጠየቁ። ሦስተኛ፤ በዳርቻው ያለው ደንገል እንደ ዘጌ ደን በሥርዓት ቢጠበቅ። ዘጌ ያለ ፖሊስና ያለ አዋጅ ደኑን ለብዙ መቶ ዓመታት ሲጠብቅ ኖሯል፤ ሐይቁም በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ስለ ተመዘገበ ለዚህ ሥራ የሚረዳ ስም አለው።

ጓደኛችን በክብራን ወደብ ያየችውን መሥመር በማስታወሻ ደብተርዋ ላይ ሥላ ይዛዋለች። ወደፊት ከኛ ኮሌጅ ወደዚያ የሚሄድ ተማሪ ቢኖር ከዚያው ድንጋይ ፊት ቆሞ የዛሬውን ውሃ ከእርስዋ ሥዕል ጋር እንዲያስተያይ አደራ እንላለን። ለዚህ ሥራ ከወደቡ ማለፍ አያስፈልግም።